ሌሊቱን ያነበብኩት ጠዋት የት ይሄዳል? የአብሾ ነገርስ እውነት ነው?

ዓባይ ማዶ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡10

ሰላም ለሁላችሁ። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ ባሕር ዳር፣ ከድልድዩ ማዶ ነው የምኖረው። አንድ የባዮሎጂ ምዕራፍ ሦስት አራት ጊዜ አነባለሁ። በቢጫ ቀለም አሰምራለሁ። ሳነበው ሁሉም ግልጽ ነው። ጠዋት ጓደኛዬ «የክሬብስ ዑደት የሚካሄደው የት ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ ገጹ ይታየኛል፣ ሥዕሉ በቀኝ በኩል እንደነበረ ሁሉ ይታየኛል፤ መልሱ ግን ድርግም ይላል። ፈተናው እንደምታውቁት ዩኒቨርሲቲ ተገብቶ የሚወሰድ ነው። በ2014 ዓ.ም. 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ሳስብ እንቅልፌ ይጠፋል።

እኛ ሰፈር አንድ ሰው አብሾ እሠራልሃለሁ ብሎኛል። «የቅኔ ተማሪ ሁሉ በእሱ ነው ቀለም የዘለቀው፤ አንዴ ከጠጣህ የሰማኸው አይጠፋህም» ይላል። ዋጋው ቀላል አይደለም። ጓደኞቼ ደግሞ ገንዘብህን አታባክን፣ ጫት ይበቃሃል ይሉኛል። የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። ሊሰድበኝ የፈለገ ግን ይለፈኝ።


የታንኳ ልጅ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡32

አትንካው። አብሾ ጠጥቷል የሚባል ሰው ሰፈራችን ነበር፤ አንድ መለኪያ አረቄ ሲቀምስ መንደሩ በር ይዘጋ ነበር። ከዚህ በላይ የማውቀው የለም፤ የሚያውቁ ይጨምሩበት።


ነጭ ጋውን — ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 12፡50

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ገንዘብህን ኪስህ ውስጥ አስቀምጥ። እኔ የሕክምና ተማሪዎችን የሰውነት አሠራር አስተምራለሁ።

የአብሾ ቅመም እንደ ቀማሚው ይለያያል፤ ምሥጢሩንም ማንም አይናገርም። አዘውትሮ ስሙ የሚነሣው ተክል ግን አጤ ፋሪስ ነው፤ ያ በየአጥሩ ሥርና በየቆሻሻ መጣያው ዳር የሚበቅለው፣ ረዘም ያለ ነጭ አበባና እሾሃም ፍሬ ያለው። ውስጡ አትሮፒንና ስኮፖላሚን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። አሁን ልብ ብለህ ስማኝ። አንጎል ውስጥ የነርቭ ሕዋሳት እርስ በእርስ ከሚነጋገሩባቸው ኬሚካሎች አንዱ አሲታይልኮሊን ይባላል። አዲስ ነገር በሚመዘገብበት ሰዓት ይህ ኬሚካል በጣም ያስፈልጋል። ስኮፖላሚን ደግሞ መልእክት ተቀባዩ ላይ ተቀምጦ መንገዱን ይዘጋል። ተመራማሪዎች በጤነኛ ሰው ላይ ለጥቂት ሰዓታት የመርሳት ችግር መፍጠር ሲፈልጉ የሚሰጡት መድኃኒት ይኸው ስኮፖላሚን ነው! በተቃራኒው አልዛይመር ለያዛቸው አዛውንት የሚታዘዘው ዶኔፔዚል አሲታይልኮሊን ቶሎ እንዳይበተን ያደርጋል። እንግዲህ ያ ሰውዬ በውድ ዋጋ ሊሸጥልህ ያሰበው የመርሻ መድኃኒት ነው።

ጉዳቱንም እወቀው። አፍ ይደርቃል፣ የዓይን ብሌን ይሰፋል፣ ልብ ይጋልባል፣ ሰውነት ይግላል፣ ሽንት አልወጣ ይላል። ከዚያ የሌለ ነገር ማየትና ከሌለ ሰው ጋር ማውራት ይመጣል። የመርዙ መጠን ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው፣ ከአንዱ ፍሬ ወደ ሌላው ስለሚለያይ «ትንሽ ብቻ» የሚባል ነገር የለውም። ሰው ይሞትበታል።

ስለ ንባብህ ማታ እመለሳለሁ፤ አሁን ክፍል አለብኝ።


ቀለም ቆጣሪ — ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡15

ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ በወጣትነቴ ጎጃም ውስጥ ቅኔ ቤት ቆይቻለሁ፤ አሁን የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ስለ አብሾ የሚወራው ብዙ ነው፤ የሚጠጣው ጥቂት ነው፤ ጠጥቶ ሊቅ የሆነ ግን አላየሁም። ጠጥቶ ከጉባኤ የቀረ አይቻለሁ።

ልጄ፣ የአብነት ተማሪ ቀለም የሚይዘው እንዴት እንደሆነ ልንገርህ። ገና ከንባብ ቤት ጀምሮ ዓይን ብቻውን አይታመንም። ቀን ከመጽሐፍ የሚታይ ትምህርት አለ፤ ሲመሽ ደግሞ ያለ መብራት በቃል የሚወርድ አለ። ውዳሴ ማርያሙ፣ መልክዑ፣ በጨለማ ነው የሚገባው። የኔታ ደጃፍ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይቀመጣሉ፤ ተማሪው ፊት ለፊታቸው ቆሞ የተቀበለውን ይወጣዋል። ሲሳሳት አይነግሩትም። ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ይኸው ነው። ተማሪው ወደ ኋላ ይመለስና ራሱ ይፈልገዋል፤ ላብ እስኪያጠምቀው ይፈልገዋል። ሁለተኛ ይጠርጋሉ። ሦስተኛ ጊዜ ካልመጣለት ያኔ አንዲት ቃል ብቻ ወርወር ያደርጉለትና የቀረውን ራሱ ይጨርሳል። ያቺ ቃል እስከ ዕለተ ሞቱ አትጠፋውም። እኔ እስከ ዛሬ ከዳዊት ውስጥ ጥርት ብለው የሚመጡልኝ ጉሮሮ የተጠረገባቸው ቦታዎች ናቸው።

ሌላው ደግሞ የትናንቱን ሳይወጣ የዛሬውን የሚቀበል የለም። ነባሩ ተማሪ አዲሱን ያስተምራል፤ ሲያስተምር እሱም ይጸናለታል።

አንተ ግን ልጄ፣ ሦስት አራት ጊዜ አነበብሁ አልህ እንጂ አንዴም ደብተሩን ዘግቼ ወጣሁት አላልህም።


ነጭ ጋውን — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

አባቴ፣ እርስዎ በየኔታ ጉሮሮ የተናገሩትን እኔ ግማሽ ዓመት ፈጅቼ ነው የማስተምረው።

እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ያሳተሙት ሙከራ አለ። ተማሪዎች አጫጭር ጽሑፎች ተሰጧቸው። አንዱን ጽሑፍ ደግመው እንዲያነቡት ተደረገ፤ ሌላውን አንዴ ካነበቡ በኋላ ዘግተው የሚያስታውሱትን በባዶ ወረቀት እንዲጽፉ ተደረገ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ካነበቡት 81 በመቶ፣ ዘግተው ከጻፉት 75 በመቶ አስታወሱ። ንባብ አሸነፈ ማለት ነው። ከሳምንት በኋላ ግን ተገለበጠ፤ ደግመው ካነበቡት የቀረው 42 በመቶ ነበር፣ ዘግተው ከጻፉት ግን 56። ልብ በል፣ ሲጽፉ የተሳሳቱትን ያረመላቸው ማንም አልነበረም። ማውጣቱ ራሱ ነው ሥራ የሠራው።

ዓባይ ማዶ፣ ሲነበብ የሚገባህ ጠዋት የሚጠፋብህ ለዚህ ነው። ማየትና ማውጣት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ቅዳሜ ገበያ ላይ የምታውቀው ሰው ይገጥምሃል፤ መልኩን በሚገባ ታውቀዋለህ፣ ስሙን ጥራ ብትባል ግን ትንተባተባለህ። ደጋግመህ ስታነብ የምታጠነክረው መልክ ማወቁን ነው። ፈተናው የሚጠይቅህ ደግሞ ስሙን ነው። ቢጫ ማስመሪያህም መልኩን ያሳምረዋል እንጂ ስሙን አይነግርህም።


ጥያቄ አብዢ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡25

ይቅርታ ይደረግልኝና፣ እኔ ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ አገሩን የገደለው ሽምደዳ ነው። ተማሪዎቼ የኒውተንን ሦስተኛ ሕግ እንደ አቡነ ዘበሰማያት ያወርዱታል። ታንኳ ላይ ቆመህ ወደ ዳር ብትዘል ታንኳዋ ወዴት ትሄዳለች ስላቸው ግን ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። አሁን ደግሞ የአብነት ቤትን ሽምደዳ እንደ መፍትሔ ልታቀርቡልን ነው? ማስታወስና ማወቅ አንድ አይደለም።


ቀለም ቆጣሪ — ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡05

መምህር፣ ቅኔ ቤት ገብተው ቢሆን ይህን ባልጻፉት። ቅኔ አይሸመደድም። ትናንት የተቀኘኸውን ዛሬ ብትደግመው ይሳቅብሃል፤ የሌላ ሰው ብታመጣ ደግሞ ጉባኤው ያውቅብሃል። በየቀኑ አዲስ ነው፤ ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስ። ተማሪው ጫካ ገብቶ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይቆጥራል፣ ማለትም ቅኔውን በሐሳቡ ያዘጋጃል፤ ሰሙንና ወርቁን ራሱ ያገናኛል።

ነገር ግን የግእዝ ግስ የሌለው ሰው ምን ይቆጥራል? የግሱን አርእስት ከነእርባታው፣ ታሪኩን፣ የመጻሕፍቱን ምሥጢር በቃሉ ያልያዘ ሰው ጫካ ቢገባ እንጨት ለቅሞ ነው የሚመለሰው። መያዝና መፍጠር ጠላቶች አይደሉም። የእርስዎ ተማሪዎች ችግር በቃላቸው መያዛቸው ሳይሆን ከያዙት በኋላ ቁጠሩበት የሚላቸው ማጣታቸው ነው።


ነጭ ጋውን — ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡30

እዚህ ላይ ለሁለታችሁም የሚሆን ነገር ይዣለሁ። ሰው በአንድ ጊዜ በሐሳቡ ይዞ ሊያገላብጠው የሚችለው ነገር በጣም ትንሽ ነው። ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1956 ሰባት አካባቢ ነው አለ፤ በኋላ የመጡት ወደ አራት ዝቅ አደረጉት። ታዲያ በዚህች ጠባብ ቦታ ትልቅ ሐሳብ እንዴት ይታሰባል? እ.ኤ.አ. በ1973 ቼይስና ሳይመን የተባሉ ተመራማሪዎች የቼዝ ጨዋታ አዋቂዎችንና ጀማሪዎችን አወዳደሩ። ከእውነተኛ ጨዋታ የተወሰደ ሰሌዳ ለአምስት ሰከንድ ሲያዩ አዋቂዎቹ አብዛኛውን በቦታው መልሰው ደረደሩት፤ ጀማሪዎቹ ጥቂቱን ብቻ። ጠጠሮቹ እንዲሁ በዘፈቀደ ሲደረደሩ ግን የአዋቂዎቹ ብልጫ ጠፋ። ስለዚህ የተሻለ ጭንቅላት ኖሯቸው አይደለም። ብዙ ጨዋታ ስለያዙ አምስት ስድስቱን ጠጠር እንደ አንድ ነገር ያዩታል። ግስ የያዘ ሰው ለቅኔው ቦታ ይተርፈዋል፤ ቀመሩን የያዘ ተማሪም እንዲሁ ለጥያቄው። መምህር ያሉት ግን እውነት ነው፤ ያለ ጥያቄ የተያዘ ቀመር የትም አያደርስም።


ዝም ባይ — ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡00

እስካሁን ሳነብ ብቻ ነበር። ዶክተር፣ አንድ ልጠይቅዎት። ትዝታ አንጎል ውስጥ የሚቀመጥበት ቦታ የት ነው?


ነጭ ጋውን — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡10

አንድ ቦታ ብቻ ቢሆን ሥራችን በቀለለ ነበር። ብዙ ያስተማረን ሄንሪ ሞላይሰን የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ በሕይወት ሳለ በጥናት ጽሑፎች ላይ የሚታወቀው በስሙ መነሻ ፊደላት ብቻ ነበር። የሚጥል በሽታው አልታከም ስላለ እ.ኤ.አ. በ1953፣ በ27 ዓመቱ፣ ዊልያም ስኮቪል የተባለ ሐኪም በአንጎሉ ውስጠኛ ክፍል ከሚገኘው፣ ሂፖካምፐስ ከሚባለው ክፍል፣ ከግራም ከቀኝም ብዙውን ቆርጦ አወጣለት። የሚጥሉበት ጊዜያት ቀነሱ። ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሞላይሰን አዲስ ነገር መያዝ አቃተው። የልጅነቱን ያስታውሳል፣ ጨዋ ነው፣ ይቀልዳል፤ ለደቂቃ ወጥተህ ብትመለስ ግን እንደ አዲስ እንግዳ ይቀበልሃል።

ብሬንዳ ሚልነር የምትባል በካናዳ የምትሠራ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በተደጋጋሚ እየሄደች አጠናችው። አንድ ቀን ኮከብ የተሳለበት ወረቀት ሰጠችው፤ እጁን በቀጥታ እንዳያይ ሸፍና በመስታወት ብቻ እያየ በሁለቱ መስመሮች መካከል እንዲስል አዘዘችው። ለማንም ከባድ ነው፤ እጅህ የሚሄደው በተቃራኒው ነው። በየቀኑ አሠራችው። በየቀኑ እየተሻሻለ ሄደ፤ በመጨረሻ ያለ ስህተት ሳለው። ሆኖም ከዚህ በፊት ሠርቼዋለሁ ብሎ አያውቅም። ሚልነር እንደነገረችን፣ ይህን ያህል ቀላል ይሆናል ብሎ አለመጠበቁን ሲናገር ሰማችው። እጁ ተምሯል፤ እሱ ግን መማሩን አያውቅም።

ስለዚህ ቢያንስ ሁለት መንገድ አለ። ስምና ታሪክ፣ የክሬብስ ዑደት ጭምር፣ ሲመዘገብ በሂፖካምፐስ በኩል ያልፋል፤ መቅዘፍ፣ ብስክሌት መንዳት፣ መተየብ ደግሞ በሌላ በኩል ይገባል። ሂፖካምፐስ ቋሚ ማከማቻ እንዳልሆነም ከሞላይሰን አወቅን፤ የልጅነቱ ትዝታ አልጠፋማ። ጊዜ ሲያልፍ ነገሩ ወደ ውጫዊው የአንጎል ክፍል ተሰራጭቶ ይጸናል። ሞላይሰን እ.ኤ.አ. በ2008 ነው የሞተው፤ አንጎሉም ለጥናት ተቀምጧል።


ዓባይ ማዶ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡45

ዶክተር አመሰግናለሁ፤ አብሾውን ትቼዋለሁ። የጫቱን ነገር ግን አልነገሩኝም። ሌሊቱን ሙሉ ካላነበብኩ ምዕራፎቹ አያልቁም።


ነጭ ጋውን — ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1፡20

የጻፍክበትን ሰዓት አይቼዋለሁ፤ በዚያ ሰዓት ተኝተህ ቢሆን መልሱን ግማሹን ታገኘው ነበር።

አሁን የማነሣው ነገር የዚህ ውይይት ዋናው ይመስለኛል። አንድ ነገር ስትማር በነርቭ ሕዋሳት መገናኛዎች ላይ ለውጥ ይመጣል። የመጀመሪያው ለውጥ ጊዜያዊ ነው፤ የነበረው መገናኛ ለጥቂት ደቂቃ ወይም ሰዓት ይበረታል። እንዲቆይ ከተፈለገ ሕዋሱ አዲስ ፕሮቲን መሥራት አለበት፤ መገናኛው ራሱ ማደግ አለበት። ኤሪክ ካንደል እ.ኤ.አ. በ2000 ከሌሎች ሁለት ሳይንቲስቶች ጋር ኖቤል የተሸለመው ይህን በባሕር ቀንድ አውጣ ላይ አሳይቶ ነው። ይህ ግንባታ ሰዓታት ይፈጃል። ማንበብህን ስትጨርስ አንጎልህ ሥራውን አልጨረሰም።

እንቅልፍ ደግሞ የዚህ ሥራ ዋና ሰዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ዊልሰንና ማክኖተን አይጦች ሲንቀሳቀሱ አብረው ይነቁ የነበሩ የሂፖካምፐስ ሕዋሳት፣ አይጦቹ እንቅልፍ ሲወስዳቸውም እንደገና አብረው ሲነቁ አዩ። ቀን የተኬደበት መንገድ ሌሊት ይደገማል ማለት ነው። አንተ ሌሊቱን በጫት ስታነጋ ይህን ነው የምትሰርዘው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አምፌታሚን የሚባለው አነቃቂ ዕፅ ዘመድ ነው፤ ያነቃል፣ ልብህን ደስ ይለዋል፣ የምታነበው ሁሉ የገባህ ይመስልሃል። ምርቃናው ሲያልፍ የሚቀርህ ድብርትና የጎደለ እንቅልፍ ነው። ቡናም ቢሆን፣ ከጠጣኸው ካፌይን ውስጥ ግማሽ ያህሉ ከአምስት ሰዓት በኋላም ሰውነትህ ውስጥ ይገኛል። የዘጌን ቡና ጠዋት ጠጣ፤ ማታ ለእንግዳ ተወው።

ምዕራፎቹ አያልቁም ላልከው፤ አንዱን ምዕራፍ በአንድ ሌሊት አራት ጊዜ ከምታነበው አንዴ አንብበህ ዘግተህ ጻፈው፣ ከሁለት ቀን በኋላ ሳትከፍት እንደገና ጻፈው፣ ከሳምንት በኋላ ደግሞ። ያጠፋኸው ሰዓት ያው ነው፤ ምናልባትም ያንሳል። ጀርመናዊው ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ራሱን መፈተኛ አድርጎ ትርጉም የለሽ ቃላት ሲያጠና፣ ከያዘው ውስጥ አብዛኛው በመጀመሪያው ቀን እንደሚያመልጥ፣ ከዚያ በኋላ ግን መርሳቱ እየዘገየ እንደሚሄድ ለክቶ አሳይቷል። ደግሞ ማጥናቱን በቀናት ከፋፍሎ ማድረግ እንደሚሻልም ያኔውኑ ጽፎታል። አዲስ ነገር አይደለም፤ የሚሰማው ጠፍቶ ነው።


የታንኳ ልጅ — ሐሙስ፣ ከቀኑ 9፡30

እኔ ትምህርት ብዙም አልገፋሁም፤ ጀልባ ነው የምነዳው። አያቴ በደንገል ታንኳ እንጨት ይዘው ከዘጌ ባሕር ዳር ይመጡ ነበር፤ ፊደል አይለዩም። ነገር ግን ክብራን ገብርኤል ከየት በኩል ሲታይ እንጦንስን እንደሚሸፍነው፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ የትኛው ጥግ እንደሚያስጠልል፣ ደመና ተራራውን ሲጋርደው በምን እንደሚመሩ ሁሉ በልባቸው ነበር። ጣና 37 ደሴት አለው ይባላል፤ እሳቸው ስሙን በተርታ ሲጠሩ እየቀዘፉ ያሉ ነው የሚመስሉት፤ ትከሻቸው ሁሉ ይንቀሳቀሳል። እኔ አሁን ስልኩ ላይ ካርታ ስላለኝ የእሳቸውን ሩብ አላውቅም። ይህም ያው ትዝታ ነው?


ነጭ ጋውን — ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡15

ከዋናዎቹ አንዱ ነው። ጆን ኦኪፍ እ.ኤ.አ. በ1971 በአይጥ ሂፖካምፐስ ውስጥ አንድ የተወሰነ ቦታ ሲደረስ ብቻ የሚነቁ ሕዋሳት መኖራቸውን አሳተመ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ከኖርዌያውያኑ ሞዘር ባልና ሚስት ጋር ኖቤል ተሸለመበት። ሰው ላይ ደግሞ ኤሊነር ማጓየር በ2000 የለንደን ታክሲ ነጂዎችን አጠናች። እነዚህ ሰዎች ፈቃድ ለማግኘት ወደ 25,000 የሚጠጉ ጎዳናዎችን በቃል መያዝ አለባቸው። የኋለኛው የሂፖካምፐስ ክፍላቸው ከሌላው ሰው በልጦ ተገኘ። «ድሮም እንዲያ ሆነው ተወልደው ይሆናል» የሚሉ ስለነበሩ በ2011 ጀማሪዎችን ከመነሻው ተከታትላ፣ ፈተናውን ባለፉት ላይ ከሥልጠና በኋላ መጨመሩን አሳየች። የአያትህ ጭንቅላት በመቅዘፍ የተሠራ ነው።

ለዓባይ ማዶም ይጠቅመዋል። በተርታ መያዝ ያለብህን ነገር በምታውቀው መንገድ ላይ አስቀምጠው። ከጊዮርጊስ ተነሥተህ በጣና ዳር በኩል እስከ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ስትሄድ የምታልፋቸውን ቦታዎች በሐሳብህ ተከተል፤ በእያንዳንዱ ላይ አንድ የክሬብስ ዑደት ደረጃ ትተህ እለፍ። ሞኝነት ይመስላል፤ ይሠራል።


እናት ጓዳ — ዓርብ፣ ከጠዋቱ 4፡00

እኔስ ምን ልበል? ልጄ 7ኛ ክፍል ናት። በክፍል ውስጥ ታንቀላፋለች፣ ነገር አይገባትም ብለው ጠርተውኝ ነበር። አስተማሪዋ «ጭንቅላቷ አይቀበልም» ብላኝ አልቅሼ ተመለስኩ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምራ ነው የምትተኛው፤ እንቅልፍ አልጎደላትም። የጣና ውኃ ውስጥ ግን ከእኩዮቿ ጋር መዋኘት ትወዳለች።


ጤና ኬላ — ዓርብ፣ ከጠዋቱ 4፡40

እህቴ፣ አታልቅሺ፤ ይልቅ ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ውሰጃት። የሰገራ ምርመራና የደም ማነስ ምርመራ እንዲደረግላት ጠይቂ። በጣና ዳር ውኃ ውስጥ የሚውሉ ልጆች ቢልሃርዚያ ይይዛቸዋል፤ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ደም ያሳንሳል፣ ያደክማል። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፤ በኪሎዋ ተለክቶ ይሰጣታል። ደም ያነሰው ልጅ ትኩረት መስጠት አይችልም፤ ሰነፍ ነው ይባላል። ሴት ልጅ ደግሞ የወር አበባ ስትጀምር ብረት የበለጠ ያስፈልጋታል። ምግቧን ከሻይ ጋር አትስጫት፤ ሻይ ብረቱን ይይዘዋል።

የምትጠቀሙት ጨው አዮዲን ያለው መሆኑንም እይ። በእርግዝና ወቅት አዮዲን ማጣት የሕፃኑን አንጎል የሚጎዳ፣ በቀላሉ ግን መከላከል የሚቻል ነገር ነው። ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጪው፤ ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሪው።

ለዚያችም አስተማሪ፣ ልጅን «አይቀበልም» ከማለት በፊት ዓይኗን ገልበጥ አድርጎ ማየት አይከፋም።


እናት ጓዳ — ዓርብ፣ ከጠዋቱ 5፡05

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነገ እወስዳታለሁ።


ዝም ባይ — ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡30

አንድ ቦታ ሳነብ፣ ውኃ ውስጥ ጠልቆ የተማረ ውኃ ውስጥ ሲሆን ይበልጥ ያስታውሳል የሚል አገኘሁ። ዓባይ ማዶ ፈተናውን የሚወስደው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው፤ እዚያው ሄዶ ያጥና?


ነጭ ጋውን — ዓርብ፣ ከምሽቱ 3፡00

ጎደንና ባድሊ እ.ኤ.አ. በ1975 ያሳተሙት ነው፤ ጠላቂ ዋናተኞች ላይ ተሠራ። በጣም ያምራል፤ እኔም ለዓመታት አስተምሬዋለሁ። ሆኖም በ2021 ሙሬ የተባለ ተመራማሪ ሲደግመው ያንኑ ውጤት አላገኘም። ስለዚህ ግቢ ለመግባት ዘበኛ አትለምኑ። ይልቅስ በተለያየ ቦታ ማጥናት፣ አንዴ ቤት፣ አንዴ ዛፍ ጥላ ሥር፣ አይጎዳም።

ፈተና አዳራሽ ውስጥ ድርግም የሚለው ግን ሌላ ምክንያት አለው። ፍርሃት ሲበረታ ኮርቲዞል ይጨምራል፤ ይህ ሆርሞን የያዝከውን ለማውጣት ያስቸግራል። ከቀናት በኋላ «ውይ፣ አውቀው ነበር» የምትለው ለዚህ ነው፤ ቀድሞም አልጠፋም ነበር። መድኃኒቱ አስቀድሞ ሰዓት ይዞ፣ ደብተር ዘግቶ፣ ሰው ፊት መፈተንን ልማድ ማድረግ ነው።


ዓባይ ማዶ — ቅዳሜ፣ ከቀኑ 5፡20

ባዮሎጂው ገባኝ። ፊዚክስና ሂሳብስ? ቀመሩን ዘግቼ ብጽፈውም ጥያቄው ሲመጣ የትኛውን እንደምጠቀም አላውቅም። የአንዱን ምዕራፍ ጥያቄዎች በሙሉ በተከታታይ ስሠራ ጥሩ ነኝ፤ ድብልቅ ሲሆን እጠፋለሁ።


ጥያቄ አብዢ — ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10፡50

ይህ የእኔ ጓዳ ነው። ለዚህም የተሠራ ሙከራ አለ። ሮረርና ቴይለር እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተሙት ነው፤ ተማሪዎች ብዙም የማይታወቁ የአራት ዓይነት ቅርጾችን ይዘት ማስላት ተማሩ። ገሚሶቹ አንዱን ዓይነት ጨርሰው ወደ ሌላው ሄዱ፤ ገሚሶቹ አደባልቀው ሠሩ። ሲለማመዱ በተርታ የሠሩት 89 በመቶ አገኙ፣ የደባለቁት 60። ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ በተርታ የሠሩት 20 በመቶ፣ የደባለቁት 63 በመቶ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ምዕራፉን ተከትለህ ስትሠራ የትኛው ቀመር እንደሚያስፈልግ የምዕራፉ ርዕስ ነግሮሃል፤ አንተ የምትሠራው ማባዛትና ማካፈል ብቻ ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። ከእንቅስቃሴ፣ ከኃይል፣ ከሞመንተምና ከኤሌክትሪክ አንዳንድ ጥያቄ ቁረጥና ቆርቆሮ ውስጥ ጨምረህ ነቅንቀው። አንዱን አውጣ። ወደ ማስላት አትሂድ፤ በመጀመሪያ የትኛው ሕግ እንደሚገዛውና ለምን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍ። ካልመጣልህ መጽሐፉን ለመግለጥ አትቸኩል፤ ቀለም ቆጣሪ እንዳሉት ትንሽ ላብህ ይምጣ። ከዚያ አስላው። ያቃተህን ጥያቄ መልሰህ ቆርቆሮው ውስጥ ክተተው።

የመጀመሪያውን እኔ ልስጥህ። አንድ ሰው የቆመ ታንኳ ላይ ነው። የሰውየው ክብደት 60 ኪሎ፣ የታንኳዋ 40 ኪሎ። በሰከንድ 2 ሜትር ፍጥነት ወደ ዳር ዘለለ። የውኃውን ሰበቃ ተወው። ታንኳዋ ወዴት፣ በምን ፍጥነት ትሄዳለች? ሕጉን መጀመሪያ፣ ቁጥሩን በኋላ። እዚሁ ጻፈው፤ ስህተት ካለ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ።


ዓባይ ማዶ — ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1፡15

ሞመንተም አይጠፋም፣ ምክንያቱም ከውጭ የሚገፋ ኃይል የለም። ሲጀምር ሁለቱም ቆመው ስለነበሩ ድምሩ ዜሮ ነው። ስለዚህ ታንኳዋ ከዳሩ በተቃራኒ፣ በሰከንድ 1.33 ሜትር።


ጥያቄ አብዢ — ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1፡40

እህም።


ዓባይ ማዶ — ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1፡52

60 በ2 ሲባዛ 120፤ ለ40 ሲካፈል 3። በሰከንድ 3 ሜትር። ክብደቶቹን ገልብጬ ነው ያሰላሁት።


ጥያቄ አብዢ — ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1፡55

አዎ። ማክሰኞ ሳታይ እንደገና ሥራው፤ ያኔ የሰውየውን ክብደት 45 አድርገው። አሁን ተኛ።